ከቆጥ የወረደው ጥድ

ጊታር ሠሪውን ሞተው ያገኘቻቸው ልጃቸው ናት። ማክሰኞ ጠዋት የወርክሾፑን በር ገፋ አድርጋ «አባዬ» አለች፤ መልስ የለም። አልገረማትም። ካገባች ወዲህ ስትጠራቸው መመለስ ትተዋል። ኩርፊያው አልለቀቀውም ብላ፣ ያመጣችላቸውን ምሳ ደጃፉ ላይ ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ከሥራ ጠረጴዛው እግር ጀርባ ጫማቸውን አየች። ጫማው ባዶ አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ልጃቸው ግቢው ውስጥ በተጋደመ ግንድ ላይ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ተቀምጣለች። መውለጃዋ ተቃርቧል። አላለቀሰችም። «ትናንት ባለቤቴ መጥቶ አነጋግሮት ነበር» ብቻ አለች። ይህን በመናገሯ በኋላ ራሷን ስትረግም ከረመች።

ሽማግሌው ወደ ቆጡ በሚያወጣው መሰላል ሥር በጀርባቸው ተዘርግተዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተመትቷል፤ ደማቸው ከእንጨት ፍቅፋቂው ጋር ተጋግሮ ደርቋል። ከራሳቸው ሥር ግን በጥንቃቄ የታጠፈ የሥራ ሽርጥ አለ። የራሳቸው ሽርጥ እንደተጠለቀ ነው። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ጊታር የፊት ሰሌዳ ተቀምጧል፤ ከሆዱ በኩል ቀጫጭን የእንጨት ርብራቦች ተጣብቀውበት፣ ሞርሳዎቹ ገና ጥርሳቸውን እንደነከሱ። ቆጡ ላይ የቆሙት ሳንቃዎች አቧራ ለብሰዋል፤ በመካከላቸው አንድ ሳንቃ የሚያህል ንጹሕ ክፍተት አለ።

«ከላይ ስርቆት፣ ከታች ሬሳ» አለች ረዳቱ ሳጅን። «ይሄ ፋይል ራሱን ጽፎ ጨርሷል።»

«ግን» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሳጅኗ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። ውጭ አገር ተምሮ ከተመለሰ ጀምሮ ጣቢያው ውስጥ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። «ግን የት ሄደ?» ይላሉ ሲፈልጉት፤ «ግን ፈርሞበታል ወይ?» ይባላል ደብዳቤ ሲጠፋ።

«ግን የገደለ ሰው ለሟች ትራስ ያደርጋል?»

«አማቹ ከሆነ ያደርጋል» አለች። «ቤተሰብ አይደል?»

ከግድግዳው ማዶ የምትሠራው ልብስ ሰፊ ሰኞ ረፋዱ ላይ የአማችየውን ጩኸት ሰምታለች። ሰኞን ማንም አይስተውም፤ በዚያ ደረቅ ወር መካከል ከንጋት እስከ ምሽት ሳያባራ የዘነበበት ቀን ነው። ቆርቆሮው እየተንጫጫም የሰውየው ድምፅ ከዝናቡ በላይ ነበር አለች። ሽማግሌውስ ምን ይመልሱ ነበር ተብላ ስትጠየቅ መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች።

«እሳቸው? ምንም። ዝምታቸው እኮ ሰው ያሳብዳል።»

አማችየው እንጨት ነጋዴ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ አጭር። መሄዱን አልካደም፣ መጮሁንም አልካደም። ከቆጡ የጠፋውን ሳንቃ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከፈረሰ አሮጌ ፒያኖ ሆድ የወጣ ጥድ ነው፤ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቢፈልግ ሁለተኛ የማያገኘው። ሽጡልኝ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗቸዋል፤ እምቢ ብለውታል። ሰኞ ዕለት የሄደው ግን ለእንጨቱ እንዳልሆነ ምሎ ተናገረ።

«ሚስቴ ከበር ሆና ስትጠራቸው ቀና ብለው አያዩዋትም። ልትወልድ ነው፣ እያለቀሰች ትመለሳለች። ስለ ምን ብዬ ልጠይቃቸው ነው የሄድኩት። አንገታቸውን ደፍተው እንጨት ይልጋሉ። ብናገር፣ ብናገር፣ እንደ ግድግዳ ዝም። ጮህኩ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ከዚያ እጃቸውን አወናጭፈው አባረሩኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄድኩ። በዝናብ ብቻዬን ዞርኩ። ማን ያየኛል፤ ሰው ሁሉ ተጠልሏል።»

በዚያው ቀን ታሰረ።

ሌላው ለሟች ቅርብ የነበረ ሰው «ጥላው» የሚሉት ነው። ልጅ ሆኖ ሥራ ሊማር ገብቶ እዚያው ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሽማግሌው በሄዱበት ከኋላቸው ስለማይጠፋ ሰፈሩ ስሙን አወጣለት። የሟች ልጅ «ወንድም ጋሼ» እያለች አድጋለች። ኢንስፔክተሩ ወርክሾፑ ውስጥ አነጋገረው። ሰውየው እጁን የት እንደሚያኖር አያውቅም፤ መሮ ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

ስለ እንጨት ሲጠየቅ ግን ተረጋጋ። የጀርባና የጎን እንጨት ሰው በዓይኑ ይመርጣል፣ ጥቁርና ጠንካራ ከሆነ ይበቃል አለ። የፊቱ ግን በጆሮ ነው የሚመረጠው። ሳንቃውን ጫፉ ላይ በሁለት ጣት አንጠልጥለህ በጣትህ መገጣጠሚያ ታንኳኳለህ። ያልበቃው እንጨት ዱብ ይላል፤ የበቃው እንደ ሳህን ይጮኽና ድምፁ ቶሎ አይሞትም። ከዚያ መላግ ነው። ትልጋለህ፣ ታንኳኳለህ፤ ወፍራም ከሆነ ድምፁ ታፍኗል፣ እየሳሳ ሲሄድ ይከፈታል። አንድ ቦታ ላይ በቃኝ ይልሃል። ከዚያ አልፈህ አንዴ ከላግህ አለቀ፤ የተላገ እንጨት አይመለስም።

«ይህኛውስ?» አለ ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰሌዳ እያሳየ።

«ተራ እንጨት ነው። እሁድ ዕለት አብረን አጣበቅነው። ርብራብ በደረቅ ቀን ነው የሚጣበቀው፤ እሁድ ደረቅ ነበር። ሰኞ አልመጣሁም፣ እህቴ ጋ ዋልኩ።»

እህቲቱም መስክራለች፤ ወንድሟ ሰኞ ልብሱ ላዩ ላይ በስብሶ፣ እየተንቀጠቀጠ መጥቷል። ሰዓቱን ግን ልብ አላለችውም፤ በዝናብ ቀን ጠዋቱም ማታውም አንድ ነው አለች። ስለ ሽርጡ ሲጠየቅ ትርፍ ሽርጥ ሁሌም ሚስማር ላይ ይሰቀላል ብሎ መለሰ፤ ማንም ሊያወርደው ይችላል። ኢንስፔክተሩ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ከነከነው። መስኮቱ ከበሩ ትይዩ ነው፣ ጠረጴዛው ግን ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ በሩ ዞሯል። እዚያ ቆሞ የሚሠራ ሰው የገዛ ጥላው እጁ ላይ ይወድቅበታል።

«ጠረጴዛውን ለምን እንዲህ አዞራችሁት?»

«ጋሼ የሚገባውን ሰው ማየት ይወዱ ነበር» አለ ጥላው።

የሐኪሙ ቃል ነገሩን አከበደው። ሽማግሌው ወዲያው አልሞቱም፤ ደሙ ቅላቸው ውስጥ ቀስ እያለ ነው የተጠራቀመው። ከሰዓት በኋላ ድረስ በሕይወት ነበሩ፤ ቶሎ ቢደርሱላቸው ይተርፉ ነበር። የጣቢያው ኮማንደር ይህን ሲሰማ በጭካኔ የተፈጸመ ነው ብሎ ወሰነ። የሚጠላቸው ሰው ሳንቃውን ወስዶ፣ እያጣጣሩ ጥሏቸው ሄዷል። በሳምንቱ መጨረሻ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ እንዲያልፍ አዘዘ።

«ግን...» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ግንህን ፋይሉ ውስጥ ጻፈውና ላከው» አለው ኮማንደሩ።

ልጅቱ በየቀኑ ጣቢያ ትመጣለች። ለባሏ ልብስ ታመጣለች፣ ያደፈውን ትወስዳለች፤ ከዚያ ኢንስፔክተሩ ቢሮ በር ላይ ትቆማለች። መቀመጫ ሲሰጣት አትቀመጥም፤ ከተቀመጥኩ መነሳት ያቅተኛል ትላለች። መጀመሪያ ላይ ትለምን ነበር። ከዚያ ልመናው አለቀባት፤ ዝም ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን ብቻ አፏን ከፈተች።

«አባቴ ተቀይሞኝ ሞተ። ይቅር ሳይለኝ። አሁን ደግሞ ባሌ ነው የገደለው ትሉኛላችሁ። እሺ ልጁ ሲወለድ ምን ልበለው? ማንን አባቴ፣ ማንን አባትህ ልበለው?»

 ኢንስፔክተሩን ትምህርት ቤት ስለ አሻራና ስለ ደም ጠብታ ብዙ አስተምረውታል። በር ላይ ለቆመች ነፍሰ ጡር ምን እንደሚባል ግን ያስተማረው የለም።

ፋይሉን የሚያስተላልፍበት ቀን ሲደርስ፣ በማስረጃነት የተያዘውን ሰሌዳ ሊጠቀልል አነሳው። ሞርሳዎቹ ተፈትተው ሰሌዳው ከመጣ ጀምሮ በቢሮው መስኮት ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያቃጥለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ሲመጣ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነበር። አሁን መካከሉ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

«ሾርባ ማቅረቢያ ሆነልህ» አለች ሳጅኗ።

ማስረጃ አበላሸሁ ብሎ ደነገጠ። ጥላውን ሊጠራ ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። እንጨት የሚያውቅ ሌላ ሰው ከታች ተቆልፎበት አለ። ሰሌዳውን ይዞ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደ።

ነጋዴው መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ከዚያ እጁ ራሱን ችሎ ተዘረጋ። ሰሌዳውን ገለበጠ፣ ከጠርዙ በኩል በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ።

«በዝናብ ነው የተጣበቀው» አለ።

እንጨት እርጥብ አየር ሲጠጣ በጎኑ ይሰፋል ብሎ አስረዳው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሰፍቶ ሳለ ርብራብ ካጣበቅክበት፣ ሲደርቅ ፊቱ ሊጠብ ይፈልጋል፣ ርብራቡ ከሆዱ በኩል አልለቅም ይለዋል፤ ስለዚህ ይሰረጉዳል። በደረቅ ቀን የተጣበቀ ቢሆን የኢንስፔክተሩ ቢሮ ምንም ባላደረገው። ይህን የማያውቅ ጊታር ሠሪ የለም።

ከዚያ ሰሌዳውን ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገ። ብርሃኑ በእንጨቱ ውስጥ ቀይ ሆኖ አለፈ።  የእንጨቱ መስመሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ብለው ወርደው፣ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ድንጋይ እንዳገኘ ውሃ ትንሽ ይታጠፋሉ። ጣቱን እዚያ ላይ አደረገ።

«ይቺን መታጠፊያ በሕልሜም አውቃታለሁ። ሰረቅክ ያላችሁኝ እንጨት ይሄ ነው። እናንተው ቢሮ ነው ያለው።»

በመገጣጠሚያው አንኳኳው። እንደ ካርቶን ድምፅ ሰጠ።

«እንጨቱን ገድለውታል» አለ ቀስ ብሎ። «ወረቀት አድርገውታል። እሳቸው እንዲህ አያደርጉም። ዓይናቸውን ቢታሰሩ እንኳ አያደርጉም።»

ኢንስፔክተሩ አላመነውም፤ የታሰረ ሰው የሚያስፈታውን ሁሉ ይላል። ወደ ጣቢያው ወጥ ቤት ሄዶ ትልቅ ድስት አፈላ፤ ሰሌዳውን እንፋሎቱ በሚታፈንበት ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ሰቀለው። ሳጅኗ ለጥርጣሬው ድስት ጣደለት እያለች ስትስቅ ቆየች። ደጋግሞ ገብቶ አየው። ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ሞላ። በመጨረሻ ሰሌዳው ሲመጣ እንደነበረው ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ፤ ሳጅኗም መሳቋን ተወች። እንጨቱ የሚስተካከለው ያን የሰኞን አየር ሲያገኝ ነው። እሁድ የተባለው ውሸት ነበር።

ጥላው ወርክሾፑ ውስጥ ወለል ሲጠርግ አገኙት። ደሙ ያለበትን ቦታ ዙሪያውን ይጠርጋል፣ አይነካውም። ኢንስፔክተሩ ሰሌዳውንና የታጠፈውን ሽርጥ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረ። በመስኮቱና በጠረጴዛው መካከል ቆመ፤ የገዛ ጥላው እጁ ላይ ወደቀበት። ከበር ሆነው ለሚጠሩ የማይመልሱ፣ ከፊታቸው እየተጮኸባቸው ዝም የሚሉ፣ ቀና ሲሉ ብቻ የሚደነግጡ ሽማግሌ። የሚገባውን ሰው ለማየት ብርሃናቸውን የሸጡ።

«ጋሼ መስማት ካቆሙ ምን ያህል ጊዜ ሆናቸው?» አለ።

ጥላው መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ደግፎት የነበረው ያ መጥረጊያ እንደሆነ ሁሉ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ቀስ በቀስ ነው የጀመራቸው አለ። መጀመሪያ ቀጭኑ ድምፅ ጠፋባቸው፣ ከዚያ ሁሉም። ጆሮው የሞተ ጊታር ሠሪ ምን ይባላል? ለማንም አልተናገሩም፤ ለልጃቸውም። ለእሱም በቃል አልነገሩትም። አንድ ቀን ሳንቃ አንጠልጥለው አንኳኩና ፊቱን አዩት። ገባው። ከዚያ ወዲህ ሥራው እንዲህ ሆነ፤ እሳቸው ያንኳኳሉ፣ እሱ ይሰማል። ገና ከሆነ ፊቱን ወደ ጎን ይወዘውዛል፤ ሲበቃ በአዎንታ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ መላጊያው ይቆማል። ከዚያ በኋላ የወጡት ጊታሮች ሁሉ በእሱ ፊት የተሠሩ ናቸው።

«ሰኞ ዝናብ ነው፣ አንሠራም ተባብለን ነበር። አልቻሉም። ያንን እንጨት ከቆጡ አወረዱ። ያለ እኔ ፊት አንድ ጊዜ ሊሞክሩ። ድምፁን ይጠብቃሉ፣ አይመጣም፤ ይልጋሉ። ይጠብቃሉ፣ ይልጋሉ። በኋላ የሚያወዳድሩበት ሌላ ሳንቃ ሊያወርዱ ወጡ መሰለኝ። መሰላሉ ከዳቸው።»

ጥላው ሊያያቸው ብቅ ያለው ከወደቁ በኋላ ነው። ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ይናገራሉ። ሽርጡን ከሚስማሩ አውርዶ ከራሳቸው ሥር አደረገና ሐኪም ሊጠራ ተነሳ። እጁን ያዙት። ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ። ሰሌዳውን አምጥቶ እንዲያንኳኳው ነገሩት፤ አንኳኳው። እንጨቱ ሞቷል። ሽማግሌው ግን ሰሌዳውን አያዩም፤ ፊቱን ነው የሚያዩት።

«እርስዎስ ምን አደረጉ?» አለች ሳጅኗ፤ እንደ ልማዷ አልቀለደችም።

«ራሴን ዝቅ አደረግኩ። በቅቷል አልኳቸው። ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ ያን ቀን ብቻ ዋሸሁ።»

ፈገግ አሉ አለ። «እንግዲያው አጣብቀው አሉኝ፣ ልየው፤ ከዚህ ከተነሳሁ እጄ ወደ ሥራ አይመለስም። ዝናብ ነው አልኳቸው፣ ሐኪም ይቅደም አልኳቸው። አፌን አይተው ሰምተውኛል። መጀመሪያ ሰሌዳው አሉ።»

«እምቢ ብል ለምን ይሉኛል። ለምን ካሉኝ እንጨቱ ሞቷል ልላቸው ነው። ስለዚህ ሙጫውን አሞቅኩ። እያየሁዋቸው ነው የሠራሁት። ርብራቡን አንድ በአንድ አስቀመጥኩ፣ ሞርሳ አጠበቅኩ። የመጨረሻውን ሳጠብቅ ዞር አልኩ። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው። አይርገበገብም።»

ውጭ መንገዱ ላይ አንድ ጋሪ እየተንገጫገጨ አለፈ። ኢንስፔክተሩ የአማችየውን ነገር አነሳበት፤ ምንም ያላደረገ ሰው ተቆልፎበታል፣ ፋይሉ ሊሄድ ነው።

«ያልሠራ ሰው ይለቀቃል ብዬ ነው» አለ ጥላው። «እውነቱን ብናገር የእሳቸውም ጆሮ፣ የእኔም ውሸት ሊወጣ ነው። ነገ ይለቁታል እላለሁ። ይነጋል፤ አልለቀቃችሁትም።»

እጁን ለካቴና ዘረጋ። ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን አየችው፤ ክሱ ምን ይባላል እንደማለት። እሱም አላወቀም። ባልጠራው ሐኪም ነው ወይስ በዚያች አንዲት የአንገቱ ንቅናቄ? ካቴናውን አላወጣም። አብረው በእግራቸው እስከ መኪናው ሄዱ።

ነጋዴው ሁሉ ነገር ተነግሮት ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ሚስቱ የጣቢያው ግቢ ውስጥ ስታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች፤ ደረጃው ላይ፣ ባለችበት። ባሏ አጠገቧ ተንበርክኮ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ኢንስፔክተሩ ቀርቦ አባቷ በሰው እጅ እንዳልሞቱ፣ ከመሰላል እንደወደቁ፣ ወንድም ጋሼዋ አጠገባቸው እንደነበረ ነገራት። የቀረውን ከየት እንደሚጀምር አላወቀም።

«ሲሞት ሥራ ላይ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«የመጨረሻው ሥራው ጥሩ ነበር?»

ቀና ብላ ፊቱን ታየዋለች። አገጩ ወደ ታች ሊወርድ ሲል ታወቀው። ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፣ ምን ያህል ደግ እንደሚመስል ታወቀው። አንገቱን አደነደነ። ሰሌዳውን ከከረጢቱ አውጥቶ ሰጣት።

ዳር ዳሩን ዳሰሰችው። ከዚያ ጫፉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ አባቷ እንደሚያደርጉት ሁሉ በመገጣጠሚያዋ አንኳኳችው። ደጋግማ አላንኳኳችም፤ አንዴ በቃት። ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው።

«ይሄን ሰምቶ አይደለም ያጣበቀው» አለች።

ኢንስፔክተሩ ባዶውን ከረጢት አጠፈ።

«አይሰማም ነበር።» ባሏን አየችው፣ መልሳ ኢንስፔክተሩን አየችው። ሁለቱም ዓይኗን አልሸሹም። በዚያ ሁሉ ቀን ያልመጣው እንባ አሁን መጣ።

«በሩ ላይ ቆሜ እኮ ነው የምጠራው» አለች። «ምናለ ገብቼ ብነካው።»